ሹራብ መሥራት ለዕረፍት፦ ከመጀመሪያዋ ዐይን እስከ መዝጊያው

ሹራብ መሥራት ያረጋጋል ሲባል ሰምታችሁ መርፌና ክር ለመግዛት ካሰባችሁ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ላይ አያረጋጋም። እንዲያውም ያናድዳል። ጣት ይደነዝዛል፣ ትከሻ ጆሮ ድረስ ይወጣል፣ ክሩ መርፌውን አንቆ ይይዘዋል። መርፌው ላይ የምትሰቀለውን እያንዳንዷን የክር ቀለበት ዐይን እላታለሁ፤ ሃያ የነበረው ዐይን ደግሞ በምን ተአምር እንደሆነ ሳይታወቅ ሃያ ሦስት ሆኖ ይገኛል። ብዙ ሰው "ይሄ ነገር ለኔ አይሆንም" ብሎ የሚተወው እዚህ ጋ ነው። ዕረፍቱ የሚመጣው እጅ ሥራውን ሲለምደውና "አሁን ደግሞ በየት ነበር የማስገባው?" የሚለው ጥያቄ ሲጠፋ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እዚያ ቶሎ ለመድረስ የተጻፈ ነው። የሚያምር ነገር ሠርቶ ለማሳየት የቸኮለ ሰው ሌላ መንገድ ቢፈልግ ይሻለዋል።

ታዲያ ለምን ያረጋጋል ይባላል? አንደኛ፣ ሁለቱም እጅ ስለሚያዝ ስልክ መነካካት አይቻልም። ይሄ ብቻውን ግማሽ ዕረፍት ነው። ሁለተኛ፣ እንቅስቃሴው ያው ነው፣ ይደጋገማል። የሚፈልገው ትኩረትም ትንሽ ነው፤ ሐሳብ ወደ ነገ ጣጣ እንዳይሮጥ የሚይዘው ያህል ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2013 በአንድ የብሪታንያ የሙያ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከ3,500 የሚበልጡ ሹራብ ሠሪዎችን በኢንተርኔት ጠይቆ ነበር። አዘውትረው የሚሠሩት ሰዎች የበለጠ መረጋጋትና ደስታ እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። እርግጥ የተጠየቁት ራሳቸው ሹራብ ወዳዶች ናቸው፤ ምን ሊሉ ኖሯል? ለሕመም መድኃኒት ነው ብዬ አላወራም። የሠራ ሰው ግን ነገሩን ያውቀዋል።

"የሴት ሥራ ነው" የሚል ካጋጠማችሁ ደግሞ ቶም ዴሊን ጥቀሱለት። እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ከከፍታ ወደ ውኃ በመዝለል ወርቅ ያገኘው ብሪታንያዊ ነው። ተመልካች ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሹራብ ሲሠራ ካሜራ ቀርጾታል፤ ሜዳሊያው እንዳይጫርበትም ማስቀመጫ ሠርቶለታል።

ክርና መርፌ

ጀማሪ ገንዘቡንም ትዕግሥቱንም የሚጨርሰው ክር ምርጫ ላይ ነው። ዓይን የሚስበው ክር ብዙ ጊዜ ለመማሪያ አይሆንም። ጥቁር፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጥቁር ቡኒ አትግዙ፤ በተለይ ማታ ማታ የምትሠሩ ከሆነ ዐይኖቹን ለይቶ ማየት አይቻልም። ፀጉራም ክርም ይቅርባችሁ። ሲነካ ደስ ይላል፣ ግን ስትሳሳቱ ፀጉሩ እርስ በርሱ ይያያዝና አልተረተር ይላል፤ ጀማሪ ደግሞ ሥራው መተርተር ነው። የምትፈልጉት ነጣ ያለ፣ ለስላሳ፣ አንድ ቀለም ያለውና መካከለኛ ውፍረት ያለው ክር ነው። ውፍረቱን በዓይን መገመት ካቃታችሁ ክሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እዩ፤ የሚስማማው የመርፌ ቁጥር በሚሊ ሜትር ተጽፎበታል። 5 ወይም ወደ 5 የተጠጋ ከሆነ ውሰዱት።

ከምን ተሠራ የሚለውም ለውጥ አለው። የበግ ሱፍ ይለጠጣል፣ ይመለሳል፣ ስለዚህ አንዷ ዐይን ጠብቃ ሌላዋ ብትላላ ራሱ ያስተካክለዋል። አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ርካሽ ነው፣ ለማጠብም ቀላል ነው፣ ለመማሪያ ምንም አይልም። ካውያ ግን አታስነኩት፣ በሙቀት ሟሽሾ ይቀራል። ጥጥ ጥሩ ክር ነው፣ ችግሩ አይለጠጥም፤ ሥራው በሙሉ ጣታችሁ ላይ ይወድቃልና ቶሎ ትደክማላችሁ። ሌላው ደግሞ ክሩ ተጠምጥሞ በልቃቂት መልክ ካልተሸጠና ቱባ ከሆነ መጀመሪያ በልቃቂት ጠቅልሉት። እንዲሁ ከቱባው እየሳብኩ እሠራለሁ ያለ ሰው ቀኑን ሙሉ የተጠላለፈ ክር ሲፈታ ይውላል። ስትጠቀልሉ አላልታችሁ ጠቅልሉ፤ ተወጥሮ የተጠቀለለ ክር ተለጥጦ ይቆይና ሥራው ካለቀ በኋላ ይሰበሰባል።

ከአንድ ልቃቂት በላይ የሚፈጅ ነገር ካሰባችሁ አንድ ላይ ግዙ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው፣ አብሮ የተነከረውን ክር የሚለየው ቁጥርም አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ። በተለያየ ጊዜ የተነከረ ክር ሱቅ ውስጥ አንድ ይመስላል። ስትሠሩት ነው ልዩነቱ የሚወጣው።

መርፌ 5 ሚሊ ሜትር፣ የቀርከሃ ወይም የእንጨት ይሁን። የብረቱ ፈጣን ነው፤ ግን ያንሸራትታል፣ ዐይኖቹም ሳታስቡት ይወድቃሉ። ሁለት አጫጭር መርፌዎች በገመድ የተያያዙበት ዓይነትም አለ። ክብ ነገር ለመሥራት ነው የተሠራው፣ ግን ጠፍጣፋ ሥራም ይሠራበታል። እኔ እሱን እመርጣለሁ። የሥራው ክብደት ጭን ላይ ስለሚያርፍ እጅ አይጎተትም፣ አጠገብ የተቀመጠ ሰውም በክርን አይወጋም። ከዚህ ውጪ መቀስ፣ ሜትር፣ ጫፉ ያልሾለ ትልቅ መርፌና አንድ ኪሮሽ ይበቃል። ኪሮሹ የወደቀች ዐይን ለማንሳት ነው።

የመጀመሪያው ረድፍ

ዐይን ለመጀመር ብዙ መንገድ አለ፣ ሁሉም ሰው በየራሱ ይምላል። እኔ ለጀማሪ የምመክረው በኋላ ሥራውን የምትሠሩበት እንቅስቃሴ ራሱ ያለበትን ነው፤ አንድ ተምራችሁ ሁለት ታገኛላችሁ።

ከክሩ ጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ትታችሁ ሸምቀቆ ሥሩ። ሸምቀቆውን ግራ እጃችሁ ላይ ባለው መርፌ አስገቡትና ጠበቅ አድርጉት፣ አታንቁት ግን። የቀኙን መርፌ ጫፍ ከፊት ወደ ኋላ በዐይኗ ውስጥ አስገቡ። ቀኙ ከግራው በስተኋላ ሆኖ ሁለቱ መስቀል ይሠራሉ። አሁን ከልቃቂቱ የሚመጣውን ክር በቀኙ መርፌ ጫፍ ዙሪያ፣ ሰዓት ከሚዞርበት በተቃራኒ፣ አዙሩትና በሁለቱ መርፌዎች መካከል ወደ ፊት አምጡት። ከዚያ በቀኙ መርፌ ጫፍ ያንን የዞረ ክር ይዛችሁ በዐይኗ ውስጥ ወደ ራሳችሁ ሳቡት። ቀኙ መርፌ ላይ አዲስ ዐይን አገኛችሁ። እሷን ወስዳችሁ ግራው መርፌ ላይ ስቀሏት። ሁለት ሆኑ። ከሁለተኛዋ ሦስተኛ አውጡ፣ ከሦስተኛዋ አራተኛ፣ እንዲህ እያላችሁ 28 አድርሱ።

ሁለተኛው ረድፍ ያው ነው፣ አንድ ልዩነት ብቻ አለው። አዲሷን ዐይን ወደ ግራ አትመልሷትም፣ ቀኙ መርፌ ላይ ትቀራለች፤ አሮጌዋን ደግሞ ከግራው መርፌ ጫፍ አንሸራታችሁ ትለቋታላችሁ። ማስገባት፣ ማዞር፣ ማውጣት፣ መልቀቅ። አራት እንቅስቃሴ ነው። በግራ ያለው ሁሉ ወደ ቀኝ ሲያልቅ መርፌዎቹን እጅ ታለዋውጡና እንደገና ትጀምራላችሁ። ሁሉንም ረድፍ እንዲህ ከሠራችሁ ፊቱም ጀርባውም አንድ የሆነ፣ ወፈር ያለ፣ ተረተር ተረተር ያለው ሥራ ይወጣል። ለዕረፍት ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ሌላ ሳትጨምሩ በዚህ ብቻ ዓመት መቆየት ይቻላል።

ክሩን በቀኝ እጅ መያዝ ነው በግራ? ሁለቱም ልክ ነው። ሞክሩና የቀለላችሁን ያዙ። ግራኝ ከሆናችሁም ሁለቱም እጅ ስለሚሠራ መጀመሪያ እንደ ሌላው ሰው ሞክሩት፤ ብዙ ግራኞች በዚሁ ይቀጥላሉ።

የመጀመሪያ ሥራችሁ የአንገት ልብስ አይሁን። ሁሉም የሚጀምረው በእሱ ነው፣ ብዙዎቹም ግማሹ ላይ ይተዉታል። አንድ ሜትር ተኩል በጀማሪ እጅ አያልቅም። ትንሽ አራት ማዕዘን ሥሩ፣ ለዕቃ ማስቀመጫም ሆነ ለመወልወያ ይሆናል። መለኪያም አያስፈልገውም። በዚህ አሠራር ሁለት ረድፍ አንድ ተረተር ይሰጣል፣ ተረተሮቹ ብዛት ከዐይኖቹ ብዛት ጋር ሲተካከል ደግሞ ቁመቱና ስፋቱ እኩል ይሆናል። 28 ዐይን ካላችሁ 28 ተረተር ስትቆጥሩ አቁሙ።

ሲበላሽ

መበላሸቱ አይቀርም። ሁሉን ነገር አንድ ላይ ከመተርተር በፊት የሆነውን ማወቅ ይሻላል፣ ምክንያቱም የጀማሪ ጥፋት ሦስት አራት ዓይነት ብቻ ነው።

ዐይን ከበዛባችሁ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የረድፉ መጀመሪያ ላይ ነው። ክሩ በመርፌው በላይ አልፎ ወደ ኋላ ከተጎተተ የመጀመሪያዋ ዐይን ሁለቱም እግሯ ወደ ላይ ይነሳና ሁለት ዐይን ትመስላለች። እናንተም ሁለት አድርጋችሁ ትሠሯታላችሁ። ረድፍ ከመጀመራችሁ በፊት ክሩን ወደ ታች ሳቡት፣ ከዚያ በመርፌው ሥር ወደ ኋላ ውሰዱት። መሃል ላይ የበዛ ከሆነና ቀዳዳም ካለበት ደግሞ ክሩ በስሕተት ፊት ለፊት ቀርቶ መርፌው ላይ ተጠምጥሟል ማለት ነው።

ዐይን ካነሰባችሁ አንዷ ወድቃለች። አትደንግጡ፣ ሥራውን አትጎትቱት። የሱፍ ክር ባለበት ይቆያል፣ ለስላሳ ክር ግን ወደ ታች እንደ መሰላል እየተፈታ ይወርዳል። በኪሮሹ የወደቀችውን ዐይን ይዛችሁ የመሰላሉን እርከን አንድ አንድ እያላችሁ በውስጧ ወደ ላይ ትስባላችሁ። ፊትና ጀርባው አንድ በሆነው ሥራ ላይ አንዱን እርከን ከፊት፣ ቀጣዩን ከኋላ መሳብ ስለሚያስፈልግ መጀመሪያ ያደናግራል። ካልሆነላችሁ እስከዚያ ድረስ ተርትሩት። መርፌውን አውጡ፣ ክሩን ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ ዐይኖቹን መልሳችሁ ስቀሉ። ክሩ ምንም አይሆንም፣ ያው ክር ነው።

ዐይኖቹ ጠብቀው መርፌ አልገባ ካሉ ጥፋቱ ከእጃችሁ ሳይሆን አይቀርም። ጀማሪ ሁሉ ያጠብቃል፣ የሚያመልጠው ስለሚመስለው ነው። አዲሷን ዐይን በመርፌው ቀጭን ጫፍ ላይ አትሥሯት፣ ወፍራሙ ቦታ ድረስ አስገቡትና ሥሩ። መጠኗን የሚወስነው ወፍራሙ ነው። እንቢ ካለ መርፌውን 5.5 አድርጉት።

የረድፍ መጨረሻ ላይ ሁሉ አትቁጠሩ፤ በየአራት አምስት ረድፉ አንዴ ይበቃል። እየቆጠሩ ማረፍ አይቻልም።

ዕረፍት እንዲሆን

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። እጁ ትንሽ እንደለመደ ከባድ ነገር ይጀምራል፤ ባለ ብዙ ቀለም፣ ባለ ጌጥ፣ ወረቀት እያዩ የሚሠሩት። ከሥራ ደክሞ ይመጣና ሌላ ሥራ ይከፍታል። እኔ የምለው ሁለት ሥራ ይኑራችሁ። አንዱ መማሪያ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት አእምሮ ንጹሕ ሲሆን የሚሠራ። ሌላው ምንም የማይጠይቅ፣ ቀጥ ያለ፣ ረጅም፣ አሰልቺ ነገር ነው። ማታ የሚነሳው ይሄኛው ነው። የአንገት ልብሱ ጊዜው አሁን ደረሰ፦ 36 ዐይን ጀምራችሁ በዚያው አሠራር 150 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ መሄድ ነው። በ5 ሚሊ ሜትር መርፌ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኖረዋል፣ 200 ግራም ገደማ ክር ይፈጃል። ርዝመቱ ጀማሪ እያለን ጠላት ነበር፣ አሁን ግን የሚፈለገው እሱ ነው።

የምትሠሩትን ከመሳቢያ ውስጥ አትክተቱት። ሁልጊዜ የምትቀመጡበት ቦታ አጠገብ፣ እጅ የሚደርስበት፣ በከረጢት ይሁን። መሳቢያ ከፍቶ፣ ክር ፈልጎ፣ የት እንደደረሰ አስታውሶ የሚጀምር ድካም ያለበት ሰው የለም፤ ስልኩን ነው የሚያነሳው። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ስታቆሙ ግን ረድፉን ጨርሳችሁ አቁሙ፤ መሃል ላይ ከተተወ ዐይን ይወድቃል፣ ስትመለሱም ወዴት ስትሄዱ እንደነበር ይጠፋባችኋል።

ቴሌቪዥን እያዩ መሥራት ይቻላል፣ ሬዲዮ ግን ይሻላል። ዝምታ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፣ መጀመሪያ ላይ ቢከብድም። "እስከ እሁድ እጨርሰዋለሁ" የሚል ነገር ከአፋችሁ አይውጣ። ፍጥነት የሚፈልግ ሰው ማሽን አለለት፤ ዊሊያም ሊ የሚባል እንግሊዛዊ ካልሲ የሚሠራውን ማሽን የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1589 ነው። ከዚያ ወዲህ በእጅ የሚሠራ ሰው ለመቅደም ብሎ አይደለም የሚሠራው።

ስለ አካላችሁ። ክርናችሁ የሚያርፍበት ነገር ይኑር፣ ትራስም ቢሆን ጭናችሁ ላይ አድርጉ። ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። በየሃያ ሠላሳ ደቂቃው አስቀምጡና ጣታችሁን ዘርጉ፣ ትከሻችሁን አሽከርክሩ። የእጅ አንጓ ካመመ ወይም ጣት ከደነዘዘ ያን ቀን በቃ። "ይቺን ረድፍ ብቻ" እያላችሁ አትቀጥሉ፤ ይቺ ረድፍ አታልቅም።

ሌላዋ ዐይን

ግልባጭ ዐይን የምትባለው እስካሁን የሠራናት፣ ቀጥታ የምትባለው ዐይን ናት፣ ከጀርባ በኩል ስትሠራ። ክሩ ከፊት ይሆናል፣ መርፌው ከቀኝ ወደ ግራ ከፊት ይገባል፣ ክሩ ይዞራል፣ ወደ ኋላ ይገፋል። አንድ ረድፍ ቀጥታ አንድ ረድፍ ግልባጭ ከሠራችሁ ሱቅ ውስጥ የምታዩት ዓይነት ለስላሳ ፊት ይወጣል። ጠርዙ ግን ይጠቀለላል። ስሕተት ስላለበት አይደለም፣ ጠባዩ ነው፤ ዳር ዳሩን አራት አራት ዐይን ሁልጊዜ በቀጥታው በመሥራት ይቀነሳል። ሁለት ቀጥታ ሁለት ግልባጭ እያላችሁ ብትሄዱ ደግሞ እጅጌ ጫፍ ላይ ያለው የሚለጠጠው ይሆናል። ከቀጥታው ወደ ግልባጩ ስትሻገሩ ክሩን በሁለቱ መርፌዎች መካከል ወደ ፊት ማምጣትን አትርሱ፣ ስትመለሱም ወደ ኋላ።

ኮፍያ ወይም ሙሉ ሹራብ ያማራችሁ ቀን መጀመሪያ ናሙና ሥሩና በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዐይን እንዳለ ቁጠሩ። መመሪያው 18 ብሎ የእናንተ 20 ከሆነ፣ 50 ሴንቲ ሜትር ይሆናል የተባለው 90 ዐይን 45 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ቁጭ ይላል። ለአንገት ልብስ ይሄ ምንም አይደለም። ለኮፍያ ጭንቅላት አያስገባም።

መዝጋትና ማጠብ

ሲያልቅ ሁለት ዐይን ሥሩ፣ የመጀመሪያዋን በግራው መርፌ ጫፍ አንስታችሁ በሁለተኛዋ ላይ አሳልፋችሁ ልቀቋት። አንድ ቀረች። ሌላ አንድ ሥሩ፣ እንደገና አሳልፉ። እንዲህ እስከ መጨረሻዋ። ከዚያ ክሩን ከ15 ሴንቲ ሜትር ሳያንስ ቁረጡና በመጨረሻዋ ዐይን ውስጥ አስገብታችሁ ሳቡት። ይሄን ረድፍ አላልታችሁ ሥሩ፤ ከጠበቀ ጠርዙ ተጨማድዶ ይቀራል። በቀኝ እጃችሁ 6 ሚሊ ሜትር መርፌ ብትይዙ ራሱ ይላላል። የተንጠለጠሉትን ጫፎች ባልሾለው መርፌ በሥራው ውስጥ ወዲያና ወዲህ አሳልፋችሁ ደብቋቸው። አትቋጥሯቸው፣ ቋጠሮ ይፈታል ወይም ያብጣል።

ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፉት። ሱፍ ከሆነ አትሹት፣ አትጠምዝዙት፤ ታሽቶ ሲሞቅ ይኮማተራል፣ ያ ደግሞ አይመለስም። በፎጣ ጠቅልላችሁ ውኃውን ጭመቁ፣ ቅርፁን በእጅ አስተካክላችሁ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አድርቁት። ገመድ ላይ ከተሰጣ ይረዝማል። ጠማማ የነበረው ሥራ ከዚህ በኋላ እንዴት ቀጥ እንደሚል ስታዩ ትገረማላችሁ።

የመጨረሻው ጉዳይ ሰዎች ናቸው። አንዴ የሠራችሁትን ካዩ "ለኔስ?" ይላሉ። ከዚያ ቀለም ይመርጣሉ፣ ልክ ይሰጣሉ፣ "መቼ ያልቃል?" ይላሉ። ያኔ ማታ የሚነሳው ሥራ የሰው ሥራ ሆነ ማለት ነው። ስጦታ መስጠት ከፈለጋችሁ ሳትናገሩ ሥሩና ስጡ። ለጠየቀ ሰው ደግሞ "ክርና መርፌ ይዘህ ና፣ ላሳይህ" በሉት። አብዛኛው አይመጣም፣ የመጣው ግን አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ የራሱን ይሠራል።